ሥር የሚፈልገው አየር ነው
ስለ አንዲት ትንሽ ሰኩለንት ማሰሮ መቀየር የተደረገ ምልልስ

ተነጋጋሪዎቹ በአንድ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። እትዬ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ወጣቷ በረንዳዋን በአትክልት መሙላት የጀመረች ናት። የሚነጋገሩት ስለ አንዲት ሃወርቲያ ነው፤ ቁመቷ ከጣት የማይበልጥ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎቿ ላይ ነጭ መስመር የተጋደመባት፣ ከችግኝ መሸጫ በመጣችበት ስስ ፕላስቲክ ውስጥ እስካሁን ያለች ሰኩለንት (ውሃ በቅጠሏ የምታከማች ተክል)።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ለዚች ተክል ትልቅ ማሰሮ ልገዛላት አስቤያለሁ። ፕላስቲኩ ጠቧታል፤ ሥሯ በታችኛው ቀዳዳ ወጥቷል። አንዴ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ካስገባኋት ለዓመታት መንካት አያስፈልገኝም።

እትዬ፦ መቀየሩ ልክ ነው። ሥር በቀዳዳ ሲወጣ ጊዜው ደርሷል። «ትልቅ» የምትይው ላይ ግን አልስማማም። ለመሆኑ ማሰሮ ስንቀይርላት ምን ልንሰጣት ነው ትያለሽ?

ወጣቷ፦ ቦታ ነዋ! ሥሯ እንዲዘረጋ።

እትዬ፦ ቦታ ሁለተኛ ነው፤ ቀዳሚው አየር ነው። ሥርም ይተነፍሳል፣ ልጄ። ቅጠል በብርሃን የሠራውን ስኳር ሥር ወደ ጉልበት የሚለውጠው በኦክስጅን ነው። በዚያ ጉልበት ያድጋል፣ ማዕድን ይስባል። ኦክስጅኑ የሚደርሰው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ያ ክፍተት በውሃ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ ምክንያቱም ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ሥሩ ይታፈናል፣ ይሞታል፤ የሞተውን ደግሞ ፈንገስና ባክቴሪያ ይወርሱታል። ሰው «ተክሌ በሰበሰች» የሚለው በመጨረሻ ነው፤ ነገሩ የተጀመረው ግን ከታች አየር ሲያጥር ነው።

ወጣቷ፦ ይህ ለሁሉም ተክል አይሠራም እንዴ? ጎመንም ሥር አለው። ጎመን ግን በየቀኑ ቢጠጣ አይበሰብስም።

እትዬ፦ ጎመን የጠጣውን ያወጣዋል። ቀን ቀን በቅጠሎቹ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ፤ በዚያው ውሃው በትነት ይወጣል። ስለዚህ ጎመኑ ራሱ የአፈሩን ውሃ እየሳበ ያደርቀዋል፤ ውሃው በለቀቀው ቦታ አየር ይገባል። የአንቺ ሃወርቲያ ግን ቀን ላይ ቀዳዳዎቿን ዘግታ ትውላለች። የምትከፍተው ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። በሌሊት ያስገባችውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሊክ አሲድ አድርጋ ታከማቻለች፤ ሲነጋ ቀዳዳዎቿን ዘግታ ከዚያ ክምችት ስኳር ትሠራለች።

ወጣቷ፦ ይህ እንዴት ታወቀ?

እትዬ፦ በምላስ ነው የተጀመረው። ህንድ አገር ይሠራ የነበረ ቤንጃሚን ሄይን የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ የካላንቾ ቅጠል ቀምሶ፣ ጠዋት እንደሚኮመጥጥ፣ እየዋለ ሲሄድ ግን ኮምጣጣነቱ እንደሚጠፋ አስተዋለ። ያስተዋለው ነገር እ.ኤ.አ. በ1815 ታተመ። የካላንቾ ወገን እኛም አገር አለ፤ እንዳሁላ የምንለው ነው። ሌሊት የተጠራቀመው አሲድ ቀን ላይ ስለሚያልቅ ነው ጣዕሙ የሚለወጠው። እንግዲህ ከዚህ የሚከተለውን አስቢ። ቀን የምትዘጋ ተክል ከአፈሩ የምትስበው ውሃ እጅግ ጥቂት ነው። የማሰሮውን ውሃ እሷ አታደርቀውም። ሌላ ነገር ሊያደርቀው ይገባል።

ወጣቷ፦ ገባኝ። ማሰሮው በሰፋ ቁጥር ሥሯ የማይደርስበት እርጥብ አፈር ይበዛል፤ የሚያደርቀው አይኖርም።

እትዬ፦ በትክክል። ለዚህ ነው ትልቅ ማሰሮ ያልወደድኩልሽ። ከሥሯ ጥቅል በዙሪያው 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ይበቃታል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሲጠባት እንደገና ትቀይሪላታለሽ።

ወጣቷ፦ በተፈጥሮ ግን ማሰሮ የሚቀይርላት የለም። ዱር ውስጥ እንዴት ትኖራለች?

እትዬ፦ አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ይቺ ባለመስመሯ በተለይ የምሥራቅ ኬፕ ተክል ናት። ሃወርቲያ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1809 ያወጣላት ዱቫል የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ስሙ ለእንግሊዛዊው የሰኩለንት አጥኚ ለአድሪያን ሃወርዝ መታሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንቲስቶች ባለመስመሮቹን ለይተው ሃወርቲዮፕሲስ ብለዋቸዋል፤ ገበያው ግን በድሮው ስም ቀጥሏል። በአገሯ በቁጥቋጦ ሥርና በድንጋይ ስንጥቅ ነው የምትበቅለው። አፈሩ ጠጠር የበዛበት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው አልፎ ይሄዳል፣ የተከማቸውንም ጨው ይዞ ይሄዳል። አሮጌ ሥሮቿ ይሞታሉ፣ አዳዲስ ይተካሉ። አንዳንዶቹ ሥሮቿ ደግሞ እየተኮማተሩ ተክሏን ወደ መሬት ይስቧታል፤ በድርቅ ጊዜ ከአንዳንዶቹ ዘመዶቿ የቅጠላቸው ጫፍ ብቻ ነው ከመሬት በላይ የሚታየው። ማሰሮ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ብስባሹ እየደቀቀ ክፍተቱን ይደፍናል፤ የቧንቧ ውሃ የሚተወው ጨው ከላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። ማሰሮ የምንቀይረው ዱር ውስጥ ዝናብና ድንጋይ የሚሠሩትን ሥራ እኛ ለመሥራት ነው።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ማሰሮውን ከምን ልግዛ? ቀለም የተቀባ የሚያምር የሴራሚክ አይቻለሁ፤ ከታች ግን ቀዳዳ የለውም።

እትዬ፦ ቀዳዳ የሌለውን እርሺው። ውሃ መውጫ ከሌለው የቀረው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ተራ ሸክላ ነው። የሸክላ ግድግዳ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ውሃ በጎኑ ይተናል፤ ቅድም «ሌላ ነገር ሊያደርቀው ይገባል» ያልኩሽ አንዱ ይህ ነው። ቀጨኔ ያሉት ሴቶች የሚሠሩት ሸክላ ለዚህ የተመቸ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ ለምግብ ተብሎ የተሟሸ ሸክላ አትውሰጂ። ማሟሸት ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍናቸው አይተንም። ያልተሟሸ ግዢ፤ ከታችም እንዲበሳልሽ ጠይቂ።

ወጣቷ፦ ከሥሩ ጠጠር አነጥፍና ከላይ አፈር እሞላበታለሁ። ቤታችን ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የሚደረገው፤ ውሃው ወደ ጠጠሩ እንዲወርድ።

እትዬ፦ ይህን ልማድ ብዙ ቤት አየዋለሁ፤ ቀና ሐሳብ ነው፣ ግን ተቃራኒውን ያመጣል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅሽን አምጪ። ውሃ አጥግቢውና አጋድመሽ ያዢው፤ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ጠብቂ። አሁን አቁመሽ ያዢው።

ወጣቷ፦ እንደገና መንጠባጠብ ጀመረ።

እትዬ፦ አልጨመቅሽውም፤ ውሃም አልጨመርሽበትም። ታዲያ ከየት መጣ? በጥቃቅን ክፍተት ውስጥ ያለ ውሃ ግድግዳውን ይዞ ይቀራል፤ የምድር ስበት ሁሉንም ማውረድ አይችልም። ስለዚህ ከታች በኩል ሁልጊዜ በውሃ የተሞላ ንብርብር ይቀራል። የንብርብሩን ከፍታ የሚወስነው የክፍተቱ ጥበት ነው። ስፖንጁ ተጋድሞ ሳለ ንብርብሩ ሰፊ ነበር፤ ሲቆም ከፍታው ያው ሆኖ ስፋቱ ጠበበ፤ ትርፉ ወረደ። ማሰሮ ውስጥም እንዲሁ ነው። ከደቃቅ አፈር ሥር ጠጠር ብታነጥፊ ውሃው ወደ ጠጠሩ ዘሎ አይገባም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ይንጠለጠላል። ጠጠሩ ያደረገው ረግረጉን ከማሰሮው ወለል አንስቶ ወደ ሥሯ ማስጠጋት ነው።

ወጣቷ፦ ስለዚህ መፍትሔው ከታች ሳይሆን አፈሩ ራሱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች ሰፊ ከሆነ የረግረጉ ንብርብር ይሳሳል።

እትዬ፦ ይኸው ነው ቁም ነገሩ። ጠጠሩን ከሥር አታንጥፊው፤ ከአፈሩ ጋር ቀላቅይው። ቀዳዳው ላይ አፈር እንዳይፈስ አንዲት ቁራጭ መረብ ይበቃል።

ወጣቷ፦ ቅልቅሉን ንገሩኝ። መሸጫው ያለው ሰው ጥቁር አፈርና ፍግ ቀላቅሎ ይሸጣል።

እትዬ፦ እሱ ለጎመንና ለጽጌረዳ ይሁን። በተለይ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ለዚች ተክል የከፋ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ክፍተቱን ሁሉ ይዘጋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቅና ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። ለጤፍ የተመሰገነ አፈር ነው፤ ለማሰሮ ሰኩለንት አይሆንም። አንቺ ሁለት እጅ ድንጋያማ ነገር፣ አንድ እጅ አፈር አድርጊ። ለድንጋያማው እኛ የታደልን ነን፤ ስምጥ ሸለቋችን የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ፑሚስ አለ፤ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። በቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች የሚወጣው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም ይሆናል። ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን ለይተሽ አስቀሪ። ዱቄቱን በወንፊት አውጪ፣ ከዚያ እጠቢው፤ ዱቄት ከተረፈ ያንኑ ልንከፍተው የደከምንለትን ክፍተት ይሞላዋል። ለአንዱ እጅ የተነፋ ቀይ አፈር በደንብ ከበሰለ ብስባሽ ጋር ይበቃል። ትኩስ ፍግ አታስገቢ።

ወጣቷ፦ አሸዋስ? ግንባታ ያለበት ሁሉ አሸዋ አለ።

እትዬ፦ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ከሆነ ጥቂት ማስገባት ይቻላል። የልስን ደቃቅ አሸዋ ግን አይሆንም። ደቃቅ አሸዋ በጠጠሮቹ መካከል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ አየር የሚያልፍበትን ይይዛል።

ወጣቷ፦ እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ አድርጌ ልገላገል?

እትዬ፦ አሁን ሐምሌ ነው፤ ብትታገሺ እመርጣለሁ። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ዝናቡ የሚበረታበት፣ ሰማዩ የሚጠቁርበት፣ እርጥበቱ የማይለቅበት ጊዜ ነው። ማሰሮ ሲቀየር ሥር መቁሰሉ አይቀርም። ቁስሉ ደርቆ መሻር አለበት፤ በክረምት አየር ግን መድረቁ ይዘገያል፣ ፈንገስም ጊዜ ያገኛል። መስከረም ገብቶ ፀሐዩ ሲወጣ፣ ሌሊቱ ደረቅ ሲሆን ያኔ አድርጊው። ክረምቱን ውሃ ቀንሰሽ፣ ብርሃን የሚያገኛት መስኮት ዳር አስቀምጫት ትቆይ። ሥሯ መበስበስ ከጀመረ ግን ወር አይጠበቅም፤ የዚያኑ ዕለት ይወጣል።

ወጣቷ፦ መበስበሱን ሳላወጣት በምን አውቃለሁ?

እትዬ፦ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሏ ከተጨማደደ ሥሯ መጠጣት አቁሟል ማለት ነው። ብዙ ሰው መጨማደዱን አይቶ ውሃ ይጨምራል፤ እሱ ነው የሚጨርሳት። አፈሩ ደርቆ ከተጨማደደች ግን ውሃ ጠምቷታል። ቅጠሏን ብቻ አይተሽ አትፍረጂ፤ ጣትሽን ወይም ቀጭን እንጨት ወደ አፈሩ አስገቢና ሁለቱን አገናዝቢ።

ወጣቷ፦ እሺ፣ መስከረም ገባ እንበል። ሥራውን ከመጀመሪያው ንገሩኝ።

እትዬ፦ ከመቀየርሽ በፊት አንድ ሳምንት ያህል ውሃ አትስጫት። ደረቅ አፈር በቀላሉ ይረግፋል፤ እርጥብ አፈር ሥሩን ይዞ ይበጥሰዋል። ከዚያ ፕላስቲኩን በጎን በጎኑ ጫን ጫን አድርገሽ አላቂውና ገልብጠሽ አውጫት። ቅጠሏን ይዘሽ አትጎትቺ። አሮጌውን አፈር በጣትሽ ቀስ እያልሽ አራግፊ፤ ሥሯን ተመልከቺ። ጤነኛው ነጭ ወይም ፈዛዛ ቡኒ ነው፣ ሲነካ ጠንከር ይላል። የሞተው ጠቁሮ ይለሰልሳል ወይም ባዶ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል፤ እሱን በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቁረጪው። በሥሩ መካከል እንደ ጥጥ ብጣሽ ያለ ነጭ ነገር ካየሽ የሥር ተባይ ነው፤ ሥሩን በውሃ አጥበሽ፣ አሮጌውን አፈር ሌላ ተክል ላይ ሳትደፊ አስወግጂ።

ወጣቷ፦ ከዚያ ወዲያው ልትከላት?

እትዬ፦ ምንም ካልቆረጥሽ ወዲያው መትከል ትችያለሽ። ከቆረጥሽ ወይም ሥሩን ካጠብሽ ግን ጥላ ቦታ፣ ወረቀት ላይ ሦስት አራት ቀን አስተኚያት። ቁስሉ ይደርቃል። ለመትከል ደግሞ ደረቁን ቅልቅል ከታች ጥቂት አድርጊ፣ ተክሏን መሐል ያዢያትና ዙሪያውን ሙዪ። በጣት አትጠቅጥቂ፤ ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ማድረግ ይበቃል፣ ጠጠሩ ራሱ ቦታውን ይይዛል። ከዚህ በፊት ከአፈር በላይ የነበረው ቅጠል አሁንም ከአፈር በላይ ይሁን።

ወጣቷ፦ ተክለን ውሃ እናጠጣለን፤ ችግኝ ሲተከል ወዲያው ይጠጣል።

እትዬ፦ የጎመን ችግኝ በቅጠሉ ውስጥ ስንቅ የለውም፤ በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። ይቺ ስንቋን በቅጠሏ ይዛ ነው የምትኖረው። ለአንድ ሳምንት አትስጫት። በዚያ ሳምንት ያልታየሽ የተበጠሰ ሥር ሁሉ ይደርቃል፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ውሃ ከገባ የመበስበሱን በር ከፈትሽለት። ለሥሩ ማነስ አትጨነቂ፤ ሰኩለንቶች በድርቅ ቀጫጭን ሥሮቻቸውን ይጥላሉ፣ ውሃ ሲያገኙ ደግሞ በፍጥነት አዲስ ያወጣሉ። ይህ ባሕርያቸው ነው።

ወጣቷ፦ ሳምንቱ ሲያልፍስ? በማንኪያ ጥቂት ጥቂት?

እትዬ፦ በማንኪያ አይሆንም። ስትሰጪ ከታች እስኪወጣ ድረስ አጠጪ፤ ከሥሩ ያለውን ሰሐን ድፊው። ውሃው ሲያልፍ ጨውን አጥቦ ይሄዳል፣ ከኋላውም አዲስ አየር ወደ አፈሩ ይሳባል። ከዚያ አፈሩ እስከ ታች ደርቆ እስኪያልቅ እጅሽን ሰብስቢ። ስንት ቀን እንደሚወስድ የበረንዳሽ ነፋስና ፀሐይ ናቸው የሚወስኑት፤ ቀን ቆጥረሽ አታጠጪ። ማሰሮውን አንስተሽ ብትመዝኚው ደረቁና እርጥቡ በክብደት ይለያያሉ፤ ቶሎ ትለምጂዋለሽ።

ወጣቷ፦ በረንዳዬ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል።

እትዬ፦ እንግዲያስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከውስጥ፣ ብርሃን ያለበት ጥላ ውስጥ ትሁን። አዲስ ሥር ያልያዘች ተክል በፀሐይ ቶሎ ትቃጠላለች። ከዚያም በኋላ የጠዋት ፀሐይ ይበቃታል፤ በአገሯ በቁጥቋጦ ሥር የምትኖር ናት። ቅጠሏ ወደ ቀይ ቡኒ ካዘነበለ ፀሐይ በዝቶባታል፤ ከመሐል እየተሳበ ከረዘመ ብርሃን አንሷታል።

ወጣቷ፦ ይህ ሁሉ ለሌሎቹም ይሠራል? ከቤተሰብ ቤት ትንሽ ቁልቋልና እሬት ላመጣ ነበር።

እትዬ፦ የአየሩ ሕግ ለሁሉም አንድ ነው። ቁልቋል በድንጋይ አጥር ላይ ማንም ሳያጠጣው ሲኖር ታይዋለሽ፤ ሥሩ በድንጋዮች መካከል ስላለ አየር አይቸግረውም። ከቁልቋል ጋር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፣ ቆዳንም ያቆስላል። ጓንት አድርጊ፣ ፊትሽን አትንኪ፣ ልጆች አጠገብ አይኑሩ። እሬትን ደግሞ ልክ እንደዚች አድርገሽ ያዢው፤ ፀሐይ ብቻ ጨምሪለት።

ወጣቷ፦ ተራራ ላይ በራሱ የበቀለ ቆንጆ እሬት አይቻለሁ። እሱን ነቅዬ ባመጣውስ?

እትዬ፦ እሱን ተይው፣ ልጄ። ኢትዮጵያ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሏት፤ ብዙዎቹ ከዚህ አገር ሌላ የትም አይበቅሉም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያንና የኤርትራን እሬቶች በዝርዝር ጽፈዋቸዋል። አንዳንዱ የሚገኘው በጠባብ አካባቢ ብቻ ነው። ሳይቲስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎችን በሙሉ ንግዳቸው ቁጥጥር ከሚደረግበት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ደግሞም ከተራራ የተነቀለ ትልቅ እሬት ሥሩ ተበጥሶ ስለሚመጣ ብዙውን ጊዜ ማሰሮ ውስጥ አይጸናም፤ ከዚያም ከዚህም ይጠፋል።

ወጣቷ፦ ታዲያ አዲስ ተክል የሚፈልግ ሰው ከየት ያግኝ?

እትዬ፦ አንቺው ከምታወጫት ማሰሮ። ሃወርቲያሽን መስከረም ላይ ስታወጫት በግርጌዋ ትንንሽ ልጆች ታገኛለሽ። የራሳቸውን ሥር ያወጡትን ቀስ ብለሽ ለያዪያቸው፣ ቁስላቸው ይድረቅ፣ በየትንሽ ማሰሮ ትከያቸውና ለጎረቤት ስጪ። ስትሰጪ ተክሉን ብቻ አትስጪ፤ ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር እንዲቀላቅሉ፣ ቀዳዳ ያለው ሸክላ እንዲገዙ፣ ከተከሉ በኋላ ሳምንት ውሃ እንዳይሰጡ ንገሪያቸው። ተራራ ያለው እዚያው ይኑር።